አርተር አሽ፤ ከዊምብልደን ዋንጫ እስከ ማኅበራዊ ስታቲስቲክስ ክርክር

ፌብሩዋሪ 6 ቀን 1977 ኒውዮርክ ታይምስ ጋዜጣ በስፖርት ገጾቹ ላይ ለጥቁር አሜሪካውያን ወላጆች የተጻፈ አንድ ግልጽ ደብዳቤ አትሞ አወጣ። የደብዳቤው ጸሐፊ ከአንድ ዓመት ተኩል ገደማ በፊት በዊምብልደን የወንዶች ነጠላ ውድድር ያሸነፈ የመጀመሪያው ጥቁር ለመሆን የበቃው የሜዳ ቴኒስ ተጫዋች አርተር አሽ ነበር። በስፖርት ክብርም ገንዘብም ያገኘ ሰው፣ ወላጆች ልጆቻቸውን ወደ ቤተ መጻሕፍት እንዲልኩ መማጸኑ ለብዙ አንባቢ ያልተጠበቀ ነበር። ደብዳቤውን ከተራ ምክር የለየው ደግሞ ክርክሩ በቁጥር ላይ የተመሠረተ መሆኑ ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይሏል።

አርተር ሮበርት አሽ ጁኒየር ጁላይ 10 ቀን 1943 በቨርጂኒያ ክፍለ ግዛት ዋና ከተማ በሪችመንድ ተወለደ። ሪችመንድ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ዘመን ባርነት እንዲቀጥል የተዋጉት የደቡብ ግዛቶች ኮንፌዴሬሽን ዋና ከተማ ነበረች። አርተር በተወለደበት ወቅትም በከተማዋ ትምህርት ቤቱ፣ አውቶቡሱና መናፈሻው ሁሉ በቆዳ ቀለም የተከፈለ ነበር። አባቱ አርተር አሽ ሲኒየር ለጥቁሮች ተለይቶ በተሠራው የብሩክ ፊልድ መናፈሻ ጠባቂና ልዩ ፖሊስ በመሆን ያገለግሉ ስለነበር፣ ቤተሰቡ የሚኖረው በዚያው በመናፈሻው ክልል ውስጥ በሚገኝ ቤት ነበር። ከቤቱ ደጃፍ ጥቂት እርምጃ አለፍ ብሎ አራት የቴኒስ ሜዳዎች፣ የመዋኛ ገንዳና የቤዝቦል ሜዳ ይገኙ ነበር።

የአርተርን ሕይወት ለሚመረምር ሰው ይህ የመኖሪያ ጉዳይ ቀላል ተደርጎ የሚታለፍ አይደለም። በዘመኑ የሜዳ ቴኒስ በአብዛኛው ሀብታም ነጮች በግል ክበቦቻቸው የሚጫወቱት ስፖርት ስለነበር አንድ ጥቁር ሕፃን ራኬት የሚጨብጥበት አጋጣሚ እጅግ ጠባብ ነበር። የአባቱ የሥራ ምድብ ሌላ መናፈሻ ቢሆን ኖሮ የዓለም የቴኒስ ታሪክ ይህን ስም ባላወቀው ነበር ማለት ይቻላል። ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቆ በሚገኘው የበርድ መናፈሻ ግን የከተማዋ ደህና ሜዳዎች ለነጮች ብቻ የተከለሉ ስለነበሩ፣ ብላቴናው በዚያ ለመወዳደር ፈልጎ በቀለሙ ምክንያት ተመልሷል።

እናቱ ወይዘሮ ማቲ በማርች 1950 በ27 ዓመታቸው ከእርግዝና ጋር በተያያዘ ሕመም አረፉ። አርተር በወቅቱ ሰባት ዓመት አልሞላውም፤ ታናሽ ወንድሙ ጆኒ ደግሞ ገና ዳዴ ከማለት ያለፈ ሕፃን ነበር። እንዲህ ያለው ሞት በጥቁር አሜሪካውያን ቤተሰቦች ዘንድ የተለመደ እንደነበረና ዛሬም እንዳልተወገደ ከመንግሥት መረጃዎች ለመረዳት ይቻላል። የአሜሪካ የበሽታ ቁጥጥርና መከላከያ ማዕከላት ለ2021 ባወጡት አኃዝ መሠረት በሕይወት ከሚወለዱ 100,000 ሕፃናት አንጻር ከወሊድ ጋር በተያያዘ ምክንያት የሞቱት ጥቁር እናቶች 69.9 ሲሆኑ የነጭ እናቶች ቁጥር 26.6 ነው። የእናት ሞት የአርተርን ጠባይ ቁጥብና ዝምተኛ እንዳደረገው የሕይወት ታሪኩን የጻፉ ሁሉ ይስማማሉ።

ሕፃኑን በመጀመሪያ ራኬት ያስጨበጠው በቨርጂኒያ ዩኒየን ዩኒቨርሲቲ ይማር የነበረው ሮን ቻሪቲ ነው። ከዚያም በ1953 ልጁን በሊንችበርግ ከተማ ይኖሩ ለነበሩት ሐኪም ለዶክተር ሮበርት ዋልተር ጆንሰን አስተዋወቀው። ዶክተር ጆንሰን ጥቁር ወጣቶችን በግቢያቸው ባሠሩት ሜዳ በየክረምቱ እየሰበሰቡ የሚያሠለጥኑ ሰው ሲሆኑ፣ በ1957 እና በ1958 ዊምብልደንን ያሸነፈችውን አልቲያ ጊብሰንንም የረዱ ናቸው። የእርሳቸው ሥልጠና ከኳስ አመታት ይልቅ በሥነ ምግባር ላይ ያተኮረ ነበር። ሠልጣኞቹ ከመስመር ውጪ እስከ ሁለት ኢንች ርቆ የወደቀን ኳስ እንደ ትክክለኛ ቆጥረው እንዲመልሱ፣ ከዳኛ ጋር ከቶ እንዳይከራከሩ፣ ኳሱንም ለተጋጣሚያቸው በአክብሮት እንዲያቀብሉ ይታዘዙ ነበር። ነጭ አዘጋጆች ጥቁር ተጫዋችን ከውድድር ለማስወጣት ምክንያት እንዳያገኙ የተቀየሰ ዘዴ ነበር። ያለ ጥፋቱ የሚጠረጠር ሰው ከሌላው የበለጠ ጨዋ እንዲሆን መገደዱ ፍትሕ አለመሆኑ ግልጽ ነው። አርተር ግን ይህን ሥርዓት ዕድሜውን ሙሉ ጠብቆ ኖሯል።

ሪችመንድ ችሎታው ላደገ ጥቁር ተጫዋች የምትሆን ከተማ አልነበረችም። በክረምት በቤት ውስጥ ሜዳ ለመለማመድም ሆነ ከነጭ ወጣቶች ጋር ለመጋጠም የማይቻል በመሆኑ በ1960 ወደ ሴንት ሉዊስ ተዛውሮ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን የመጨረሻ ዓመት በሰምነር ትምህርት ቤት አጠናቀቀ። ከዚያ በሎስ አንጀለስ የሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ነጻ የትምህርት ዕድል ሰጠው። በ1963 ለአሜሪካ የዴቪስ ካፕ ብሔራዊ ቡድን የተመረጠ የመጀመሪያው ጥቁር ሆነ። በ1965 የዩኒቨርሲቲዎችን ሻምፒዮና በነጠላም በጥንድም አሸንፎ ዩኒቨርሲቲውን ለዋንጫ አበቃ፤ በ1966 በንግድ ሥራ አስተዳደር ተመረቀ። ኋላ በደብዳቤው እንዳሰፈረው፣ ዕድሜያቸውን በሰው ቤት ወለል ሲፈትጉ የኖሩት አያቱ ከዋንጫዎቹ ሁሉ አብልጠው የኮሩት ከሠላሳ ከሚበልጡት ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው መካከል አርተር በዲግሪ የተመረቀ የመጀመሪያው በመሆኑ ነበር።

ከምረቃው በኋላ በአሜሪካ ጦር ሠራዊት በምክትል መቶ አለቃነት ተቀጥሮ በዌስት ፖይንት የጦር አካዳሚ በመረጃ ማቀናበር ሥራ ተመደበ፤ የአካዳሚውን የቴኒስ ፕሮግራምም ይመራ ነበር። በ1968 ገና መኮንን ሳለ ባለሙያዎችና አማተሮች በአንድነት እንዲወዳደሩ በተፈቀደበት የመጀመሪያው የአሜሪካ ኦፕን በፍጻሜው የሆላንዱን ቶም ኦከርን በአምስት ጨዋታ ረታ። የአማተርነት ደንብ ሽልማት እንዳይቀበል ስለከለከለው የአንደኛነቱን 14,000 ዶላር የተረከበው ተሸናፊው ኦከር ሲሆን፣ ለአሸናፊው የደረሰው በቀን 20 ዶላር የውሎ አበል ብቻ ነበር። በውሎ አበል ጉዳይ ልምድ ያለው አንባቢ የነገሩን አስገራሚነት በቀላሉ ይረዳዋል።

ያ ዓመት ለጥቁር አሜሪካውያን የመከራ ዓመት ነበር። በአፕሪል ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ ተገደሉ፤ በኦክቶበር ቶሚ ስሚዝና ጆን ካርሎስ በሜክሲኮ ኦሊምፒክ የሽልማት ሰገነት ላይ ጥቁር ጓንት ያጠለቀ እጃቸውን ከፍ አድርገው ተቃውሟቸውን ገለጹ። አርተር አሽ የቁጣን መንገድ አልመረጠም። በዚህም ምክንያት አንዳንድ የትግሉ ሰዎች ለነጮች የሚመች ሰው ነው ብለው ነቅፈውታል። ነቀፌታው ይበልጥ የጠነከረው በደቡብ አፍሪካ ጉዳይ ነው።

የአፓርታይድ መንግሥት በ1969 እና በ1970 ቪዛ ከለከለው። እርሱም በ1970 ጉዳዩን ለተባበሩት መንግሥታት ድርጅት አቀረበ፤ ደቡብ አፍሪካም በዚያው ዓመት ከዴቪስ ካፕ ታገደች። በ1973 ቪዛ ሲፈቀድለት ተመልካቾች በቀለም ተለይተው እንዳይቀመጡ ቅድመ ሁኔታ አቅርቦ ወደ ጆሃንስበርግ ሄደ። በነጠላ ፍጻሜ በጂሚ ኮነርስ ቢሸነፍም ከቶም ኦከር ጋር በጥንድ አሸነፈ። በቆይታው ከሥር ከሥሩ እየተከተለ የሚመለከተውን አንድ ጥቁር ታዳጊ ለምን እንደሚከተለው ቢጠይቀው፣ ልጁ በሕይወቱ በእውነት ነጻ የሆነ ጥቁር ሰው ሲያይ የመጀመሪያው እንደሆነ መለሰለት። ይሁን እንጂ በሶዌቶ የተገናኙት ወጣቶችና ጋዜጠኞች አንዳንዶቹ ጉብኝቱ ሥርዓቱን መልካም አስመስሎ ለማሳየት ይጠቅማል በማለት ፊት ለፊት ወቅሰውታል።

በዚህ ረገድ አፍሪካውያን የስፖርት መሪዎች የያዙት አቋም ከእርሱ ቀድሞ የጠራ ነበር ማለት ይቻላል። ኢትዮጵያ መሥራች በሆነችበት የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን፣ ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን አላቀርብም በማለቷ በ1957 በካርቱም ከተካሄደው የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ውጪ ሆናለች። ኮንፌዴሬሽኑን ከ1972 እስከ 1987 በፕሬዚዳንትነት የመሩት አቶ ይድነቃቸው ተሰማም አፓርታይድ ከዓለም ስፖርት እንዲገለል ያለማወላወል መታገላቸው ይታወቃል። አርተር አሽ በበኩሉ ሄዶ ማየትንና መነጋገርን አስቀድሞ፣ ወደ ሰባዎቹ ዓመታት መጨረሻ ላይ ግን ሙሉ ማዕቀብ እንደሚያስፈልግ አመነ። በ1983 ከዘፋኙ ሃሪ ቤላፎንቴ ጋር አፓርታይድን የሚቃወም የኪነ ጥበብና የስፖርት ሰዎች ማኅበር አቋቋመ፤ በጃንዋሪ 1985 በዋሽንግተን በደቡብ አፍሪካ ኤምባሲ ደጃፍ በተካሄደ ሰልፍ ታሰረ። ኔልሰን ማንዴላ ከእስር ከተፈቱ በኋላም ተገናኝተዋል።

በ1971 በአፍሪካ ባደረገው ጉዞ በካሜሩን ያየው የ11 ዓመት ልጅ ችሎታ ስላስደነቀው ለፈረንሳይ የቴኒስ ባለሥልጣናት መልእክት ላከ። ልጁ ያኒክ ኖህ ነበር፤ በ1983 የፈረንሳይ ኦፕንን አሸነፈ።

አርተር አሽ በ1970 የአውስትራሊያን ኦፕን፣ ጁላይ 5 ቀን 1975 ደግሞ ዊምብልደንን አሸነፈ። በዊምብልደን ፍጻሜ ያጋጠመው ጂሚ ኮነርስ በኃይለኛ ምት የሚታወቅና ያሸንፋል ተብሎ በሰፊው የተገመተ ነበር። የ31 ዓመቱ አሽ ኳሱን እያለዘበና ዝቅ እያደረገ፣ ለኮነርስ የሚመቸውን ፍጥነት ነፍጎት 6 ለ 1፣ 6 ለ 1፣ 5 ለ 7፣ 6 ለ 4 ረታው። የዓለም ጋዜጦች ስሙን ያነሡትና ያወደሱት ያን ጊዜ ነው። እርሱ ግን ያገኘውን ዝና ሊጠቀምበት የፈለገው ለሌላ ጉዳይ ነበር።

የ1977ቱ ደብዳቤ ፍሬ ነገር ሁለት ዓይነት አኃዞችን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ነበር። ጥቁሮች በብሔራዊ የቅርጫት ኳስ ሊግ ካሉት ተጫዋቾች 60 በመቶ ሲሆኑ ከአገሪቱ ሐኪሞችና ጠበቆች መካከል ግን ከ4 በመቶ በታች እንደነበሩ ጻፈ። በዋናው የቤዝቦል ሊግ 35 በመቶ ገደማ ሲሆኑ ከመሐንዲሶች 2 በመቶ እንኳ አይሞሉም። በአሜሪካ እግር ኳስ ሊግ 40 በመቶ ሲሆኑ፣ እንደ አናጢና ግንበኛ ካሉ የግንባታ ሠራተኞች መካከል ግን ከ11 በመቶ በታች ነበሩ። በቴሌቪዥን የሚታየው ድል የቀረውን ጉድለት እንደሚሸፍን በእነዚህ ንጽጽሮች አሳየ።

በመቶኛ የተገለጸ ቁጥር ግን የተሰላበት ጠቅላላ ቁጥር ካልታወቀ አሳሳች መሆኑን ከስታቲስቲክስ ጋር የሚሠራ ሁሉ ያውቀዋል። በዚያ ዓመት የቅርጫት ኳስ ሊጉ 22 ቡድኖች ነበሩት። እያንዳንዱ ቡድን 12 ያህል ተጫዋቾች ቢይዝ ጠቅላላው ከ260 ብዙም አይበልጥም፤ 60 በመቶው 160 ሰው ገደማ ነው። በሌላ አነጋገር በመላው አገር ትልቁ የጥቁሮች የስፖርት ስኬት የተባለው ነገር በአንድ መካከለኛ መሥሪያ ቤት ከሚቀጠሩ ሠራተኞች ቁጥር ያነሰ የሥራ ዕድል ነበር። አሽ ይህን ጠንቅቆ ተረድቶታል። ከቅርጫት ኳስ እስከ ቦክስና ጎልፍ ያሉትን ዋና ዋና የባለሙያ ስፖርቶች የሥራ ቦታ አንድ ላይ ደምሮ 3,170 ያህል ብቻ መሆኑን አሰላ። በየዓመቱ የሚለቀቀው ቦታም ጥቂት መሆኑን አከለ። ከ20 ዓመት በታች የሆኑት ጥቁር ወንዶች ግን ከ5 እስከ 6 ሚሊዮን ይደርሱ ነበር። የሥራ ቦታው ሁሉ ያለ ቀሪ ለእነርሱ ቢሰጥ እንኳ ለአንድ ልጅ የሚደርሰው ዕድል ከሺህ አንድ አይሞላም። ከዚያም የቀሩት 999 ልጆች ምን ሊሆኑ ነው የሚለውን ጥያቄ ለወላጆች አቀረበ።

ለዚህም የሚሆን ተግባራዊ ሐሳብ አልጎደለውም። ትምህርት ቤቶች ስፖርተኛ ለንግግር ሲጋብዙ ኮከቡን ብቻ ሳይሆን በተቀያሪ ወንበር ላይ ዘመኑን የፈጀውን፣ በጉዳት ከጨዋታ የወጣውንም እንዲጠሩ መከረ። ልጆች በልምምድ ሜዳ ለሚያጠፉት ለእያንዳንዱ ሰዓት ሁለት ሰዓት በቤተ መጻሕፍት እንዲያሳልፉም ጠየቀ። ጥቁሮች በምክር ቤት፣ በፍርድ ቤት፣ በሠራተኛ ማኅበርና በንግድ ዓለም እንዲበዙ ይመኝ ነበር።

ደብዳቤው ሙሉ ነበር ለማለት አይቻልም። ወላጆች ልጆቻቸውን ወደ ስፖርት የሚገፉት ሞኝ ስለሆኑ አልነበረም። የሕክምናና የምሕንድስና ትምህርት ቤቶች በር ለብዙ ትውልድ ተዘግቶባቸው ስለነበር፣ ጥቁር ሰው ሲሳካለት ያዩት በሜዳና በመድረክ ላይ ብቻ ነው። ቤተ መጻሕፍት መሄድን ከወላጅ የሚጠይቅ ሰው ቤተ መጻሕፍቱን፣ መምህሩንና በጀቱን ከመንግሥት መጠየቅ አለበት። የቤዝቦሉም አኃዝ ቢሆን ጥያቄ አያጣውም። የስፖርቱን ታሪክ የሚያጠኑ ሰዎች ከጊዜ በኋላ ከላቲን አሜሪካ የመጡ ጥቁር ተጫዋቾችን ለይተው ሲቆጥሩ የጥቁር አሜሪካውያን ድርሻ ከፍተኛ የነበረው በ1981 ሲሆን መጠኑም 18.7 በመቶ ነው። ማን ጥቁር ተብሎ እንደሚቆጠር በቅድሚያ ካልተወሰነ ሁለት ቆጣሪዎች ሁለት የተለያየ ውጤት ያመጣሉ።

በአንጻሩ በስፖርት የሚታየው ልዩነት ከተፈጥሮ የመጣ ነው የሚለው አሳብ በአሜሪካ ረጅም ዕድሜ ያለው ነበር። የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲው የአናቶሚ ምሁር ዶክተር ሞንታግ ኮብ በ1936 የሯጩን የጄሲ ኦወንስን እግር ለክተው የጥቁር ሰው መለያ ነው ይባል የነበረው የአካል አሠራር በኦወንስ ላይ እንዳልተገኘ አሳትመዋል። የእግር ርዝመትና የጡንቻ ቅርጽ ለማንም ዘር ድል አያስገኝም የሚል ድምዳሜ ላይ ደርሰዋል።

አሽ የዚህን ልዩነት ታሪካዊ ሥር እንዲፈልግ ያነሣሣው በ1983 በፍሎሪዳ ሚሞሪያል ኮሌጅ ስለ ጥቁር ስፖርተኞች እንዲያስተምር መጋበዙ ነው። ለትምህርቱ የሚሆን መጽሐፍ ቢፈልግ ጥቂት ብቻ አገኘ። ስለዚህ ረዳቶች ቀጥሮ ከራሱ ኪስ ወደ 300,000 ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ አውጥቶ በ1988 የጥቁር አሜሪካውያንን የስፖርት ታሪክ ከ1619 ጀምሮ በሦስት ቅጽ አሳተመ። በሥራው ከተዘረዘሩት ታሪኮች መካከል የፈረስ ግልቢያው ይበልጥ ትኩረት የሚስብ ነው። በ1875 በተካሄደው የመጀመሪያው የኬንታኪ ደርቢ ከተሰለፉት 15 ጋላቢዎች 13ቱ ጥቁሮች ነበሩ፤ ከመጀመሪያዎቹ 28 ውድድሮችም 15ቱን ያሸነፉት እነርሱ ናቸው። በ1902 ጂሚ ዊንክፊልድ ካሸነፈ ወዲህ ግን አንድም ጥቁር ጋላቢ ይህን ውድድር አላሸነፈም። በአንድ ትውልድ ዕድሜ የሰው ተፈጥሮ አይለወጥም። የተለወጠው የዘር መለያየት ሕግ በደቡብ ግዛቶች እየጠነከረ ሲሄድና የሽልማቱ ገንዘብ እያደገ ሲመጣ ጥቁር ጋላቢዎችን ከሥራ የማስወጣቱ ዘመቻ መበርታቱ ነው። የተሳትፎ አኃዝ የችሎታን መጠን ሳይሆን የበሩን ስፋት እንደሚለካ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ማግኘት ያዳግታል።

በሥራ ላይ የነበረውን ፖሊሲ በሚመለከትም አሽ አቋሙን በይፋ ገልጿል። የአሜሪካ የዩኒቨርሲቲዎች ስፖርት ማኅበር በ1986 ተግባራዊ በሆነው ደንብ አዲስ ገቢ ስፖርተኛ በኮሌጅ መግቢያ ፈተና ቢያንስ 700 ነጥብ፣ በዋና ዋና ትምህርቶችም 2.0 አማካይ ውጤት እንዲያመጣ ወሰነ። በጃንዋሪ 1989 ደግሞ ይህን ያላሟላ ተማሪ የገንዘብ ድጋፍ ጭምር እንዲነፈግ ተወሰነ። ደንቡ የሚነካቸው በአብዛኛው ጥቁሮች ስለነበሩ የጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ የቅርጫት ኳስ አሠልጣኝ ጆን ቶምሰን ጨዋታ ሊጀመር ሲል ሜዳውን ለቀው በመውጣት ተቃወሙ። ፈተናው የተማሪውን ዕውቀት ብቻ ሳይሆን የቤተሰቡን ገቢና የትምህርት ቤቱን ደረጃ ጭምር ይመዝናል የሚለው ክርክራቸው ክብደት ያለው ነበር።

አሽ ግን መስፈርቱን ደገፈ። ለጥቁር ልጅ መለኪያውን ዝቅ ማድረግ ከእርሱ የሚጠበቀውንም ዝቅ ማድረግ ነው ብሎ ያምን ነበር፤ መስፈርቱ ከፍ ሲል ተማሪውም ከፍ ለማለት ይጥራል የሚል እምነት ነበረው። ዩኒቨርሲቲዎች ጥቁር ወጣቶችን አራት ዓመት አጫውተው ያለ ዲግሪ ማሰናበታቸው ያንገበግበው ነበር። ሁለቱም ወገኖች ለአንድ ሕዝብ ጥቅም የቆሙ መሆናቸው ክርክሩን አሳዛኝም ጠቃሚም አድርጎታል። ማኅበሩ በ1990 ደንቡን አለዝቦ በችግር ላይ ለተመሠረተ ድጋፍ መንገድ ከፈተ። በዚያው ዓመት የአሜሪካ ምክር ቤት ባወጣው ሕግ ዩኒቨርሲቲዎች የስፖርተኞቻቸውን የምረቃ መጠን በዘርና በጾታ ለይተው እንዲያሳውቁ ተገደዱ። እስከዚያ ድረስ ወላጅ በግምት ይወስን የነበረውን ጉዳይ በመረጃ እንዲወስን የሚያስችል እርምጃ ነበር።

የአሽ የግል ሕይወት በዚህ መካከል በሕመም የተጨነቀ ነበር። በፌብሩዋሪ 1977 ፎቶግራፍ አንሺዋን ጂን ሙቱሳሚን አግብቶ ነበር፤ ሥነ ሥርዓቱን የመሩት በተባበሩት መንግሥታት የአሜሪካ አምባሳደር የነበሩት ቄስ አንድሩ ያንግ ናቸው። በጁላይ 1979 በ36 ዓመቱ የልብ ድካም አጋጠመው፤ በዲሴምበር ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት በ1980 ከውድድር ተሰናበተ። ከዚያ የዴቪስ ካፕ ቡድን መሪ ሆኖ አገሩን በ1981 እና በ1982 ለድል አበቃ። በ1983 ሁለተኛ የልብ ቀዶ ሕክምና ሲደረግለት ደም ተሰጠው። የሚሰጥ ደም ለኤችአይቪ መመርመር የተጀመረው በ1985 በመሆኑ ቫይረሱ በዚያ ደም አማካይነት እንደተላለፈበት ይታመናል።

በሽታው የታወቀው በሴፕቴምበር 1988 ነው። ቀኝ እጁ አልታዘዝ ሲለው በተደረገለት የአንጎል ቀዶ ሕክምና የተገኘው ኢንፌክሽን ከኤድስ ጋር የተያያዘ መሆኑ ተረጋገጠ። እርሱና ባለቤቱ በ1986 ያሳደጓት ልጃቸው ካሜራ ገና ሁለት ዓመት አልሞላትም ነበር። ምስጢሩን ለቤተሰቡና ለጥቂት ወዳጆቹ ብቻ ነግሮ ሦስት ዓመት ተኩል ቆየ። በአፕሪል 1992 አንድ ጋዜጣ ወሬውን ሰምቶ መጠየቅ ሲጀምር፣ ሌላው ሳይቀድመው ራሱ በጋዜጠኞች ፊት ቀርቦ ሁኔታውን ለመግለጽ ተገደደ። ስለ ልጁ የጻፈውን የመግለጫውን ክፍል ማንበብ አቅቶት ባለቤቱ አነበቡለት።

ከዚያ በኋላ የቀረው ዕድሜ አሥር ወር ብቻ ነበር፤ በእነዚህ ወራት የሠራው ሥራ ግን ከብዙ ጤነኛ ሰው ይበልጣል። በሴፕቴምበር የሄይቲ ስደተኞች ያለ አግባብ ይመለሳሉ በማለት በዋይት ሐውስ ፊት በተደረገ ሰልፍ ታሰረ። በዲሴምበር 1 ቀን የዓለም የኤድስ ቀን ምክንያት በተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ንግግር አደረገ። በዚያው ወር በብሩክሊን የከተማ ጤና ተቋም በስሙ መሠረተ። የተቋሙ መነሻ ጥቁሮችና ድሆች ከሌላው ቀድመው የሚታመሙበትንና የሚሞቱበትን ልዩነት መቀነስ ሲሆን፣ በኋለኞቹ ዓመታት ሰዎች ወደ ሕክምና ጣቢያ እስኪመጡ ከመጠበቅ ይልቅ በፀጉር ቤቶችና በውበት ሳሎኖች የጤና ትምህርት መስጠት ጀምሯል።

አርተር አሽ ፌብሩዋሪ 6 ቀን 1993 በ49 ዓመቱ በኒውዮርክ በሳንባ ምች አረፈ። ደብዳቤው በጋዜጣ ከወጣ ልክ 16 ዓመት ሆኖት ነበር። አስከሬኑ በቨርጂኒያ ገዢ መኖሪያ ቤት በክብር እንዲቀመጥ የፈቀዱት በአሜሪካ በምርጫ ሥልጣን የያዙ የመጀመሪያው ጥቁር አገረ ገዢ ዳግላስ ዋይልደር ናቸው። ከእርሱ በፊት በዚያ ቤት ይህ ክብር የተሰጠው በ1863 ለሞተው የኮንፌዴሬሽኑ ጄኔራል ለስቶንዎል ጃክሰን ነበር። ሥርዓተ ቀብሩ በሪችመንድ በእናቱ መቃብር አጠገብ ተፈጽሟል።

እርሱ ያነጻጸራቸው አኃዞች ከሞቱ በኋላ በተለያየ አቅጣጫ ተጉዘዋል። በቅርጫት ኳስ ሊጉ የጥቁሮች ድርሻ ወደ 70 በመቶ አድጓል። በ2018 በሥራ ላይ ከነበሩት የአሜሪካ ሐኪሞች ጥቁሮቹ 5 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በሕዝቡ ውስጥ ያላቸው ድርሻ 13 በመቶ ገደማ ነው። በቤዝቦል ደግሞ በ2023 የውድድር ዘመን መክፈቻ ጥቁር አሜሪካውያን ተጫዋቾች ወደ 6.2 በመቶ ዝቅ ብለው ተገኝተዋል። ስፖርቱ በውድ መሣሪያና በክፍያ በሚገቡበት የታዳጊዎች ቡድን ላይ እየተመሠረተ መምጣቱ ከሚጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ ነው። በሜዳ ቴኒስ ቬነስና ሴሬና ዊሊያምስ የሴቶቹን ታሪክ ቢለውጡም፣ በወንዶች በኩል እስከ 2024 መጨረሻ ድረስ ከአሽ በኋላ የግራንድ ስላም ነጠላ ዋንጫ ያነሣ ጥቁር አሜሪካዊ አልተገኘም።

የአሜሪካ ኦፕን ዋናው ስታዲየም ከ1997 ጀምሮ በስሙ ይጠራል። በሪችመንድ የኮንፌዴሬሽኑ ጄኔራሎች ሐውልቶች በተደረደሩበት ሞኑመንት ጎዳና ላይ በ1996፣ ከብዙ ክርክር በኋላ፣ በአንድ እጁ መጻሕፍት በሌላው ራኬት ይዞ በሕፃናት እንደተከበበ የሚያሳይ ሐውልት ቆመለት። በ2020 እና በ2021 የጄኔራሎቹ ሐውልቶች ከዚያ ጎዳና ሲነሡ የእርሱ በቦታው ቀርቷል። ልጅ ሳለ ለመጫወት ወደተከለከለበት ወደ በርድ መናፈሻ የሚያደርሰው አውራ ጎዳናም ከ2019 ጀምሮ አርተር አሽ ቡሌቫርድ ተብሎ ይጠራል።